ከዲዩቲ ፕሮግራሙ ጀምሩ፦ በደሴ ባለ የሕክምና ትምህርት ክፍል አካታች አሠራር ለመዘርጋት

ወሎ በአብሮ መኖር ስሙ የተጠራ ነው። የልጁ ስም መሐመድ፣ የአያቱ ኃይለ ማርያም ቢሆን ማንንም የማያስገርምበት አገር በመሆኑ፣ እዚህ የሚሠራ የሕክምና ትምህርት ክፍል ኃላፊ ስለ ብዝኃነትና አካታችነት ሲጠየቅ «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ችግር የለም» ብሎ ለመመለስ ይቸኩላል። መልሱ ከልብ የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም መልካም ጉርብትና ስላለ ብቻ ፍትሐዊ አሠራር አለ ማለት አይደለም። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት ትልቁ የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል፤ ማንንም ሳይጠየፍ የሚቀበል ለማለት ነው። በዘመኑ የግብር ሥርዓት ግን ማን ከየትኛው ማዕድ እንደሚቀርብ የሚወሰነው በማዕረግ ነበር። አንድ የትምህርት ክፍልም እንዲሁ በሩን ለሁሉም ከፍቶ፣ መቀመጫውን ግን በልማድ ሊያድል ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው መቀመጫውን ነው፤ ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ለቺፍ ሬዚደንቶች (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ላሉ ሐኪሞች፣ ለሬዚደንቶች፣ አስተባባሪዎች) እና ተማሪ ለሚመዝኑ መምህራን ተዘጋጅቷል።

በደሴ ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው የሰዉ ስብጥር ነው። የሕክምና ተማሪዎች በአገር አቀፍ ምደባ ከየክልሉ ይመጣሉ፤ ታካሚው ደግሞ ከደቡብና ከሰሜን ወሎ፣ ከከሚሴና ከባቲ፣ ከአፋር ቆላ ሪፈር ተጽፎለት ይመጣል። ስለዚህ በአንድ ራውንድ (ታካሚዎችን በየአልጋቸው በመጎብኘት) ላይ አልጋውን ከበው ከቆሙት መካከል አፉን በአማርኛ ያልፈታ ተማሪ፣ አማርኛ ጨርሶ የማትሰማ ታካሚ፣ ጾመኛ ሬዚደንትና ነፍሰ ጡር ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት ተለማማጅ ሐኪም) በአንድነት ሊገኙ ይችላሉ።

የዲዩቲ ፕሮግራም

ሥራው ከስብሰባና ከባነር መጀመር የለበትም። ያለፉትን ስድስት ወራት የዲዩቲ (የተረኛነት) ፕሮግራሞች ከፋይል አውጡና በአንድ ሰንጠረዥ ላይ አስፍሯቸው፤ ከዚያም እያንዳንዱ ሰው ስንት ሌሊት፣ ስንት ቅዳሜና እሑድ፣ ስንት የበዓል ቀን እንደሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደተቀየረለትና ስንት ጊዜ ለሌላ ሰው እንደቀየረ ቁጠሩ። ግማሽ ቀን የሚወስድ ሥራ ነው፤ የሚያሳየው ግን የአንድ ዓመት ስብሰባ የማያሳየውን ነው።

ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። ፕሮግራም የማወጣው እኔ በነበርሁበት ጊዜ ከአምስት ሬዚደንቶች አንዱ ብቻ ሙስሊም ነበር። «እናንተ በእኛ በዓል ግቡ፣ እኛ በእናንተ እንገባለን» የሚለው የቆየ ልማድ ፍትሐዊ መስሎኝ እንደ ደንብ ይዤው ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የዚያ አንድ ሬዚደንት ስም በገና፣ በጥምቀት፣ በስቅለትና በፋሲካ፣ በአራቱም ላይ ሰፍሯል፤ ሁለቱን ዒዶች ሁለት ክርስቲያኖች አንድ አንድ ተካፍለዋቸዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድም በዓል አልገቡም። ሬዚደንቱ አንድ ቀን እንኳ ቅሬታ አላቀረበም፤ ተባባሪ ሰው ነው እያልን እናመሰግነው ነበር። ማመስገናችን ነው አሁን ድረስ የሚከነክነኝ።

መፍትሔው ቀላል ነው። የዓመቱ በዓላት በሙሉ፣ የየትኛውም እምነት ይሁኑ፣ በአንድ ቋት ገብተው ለሠራተኛው በእኩል ቁጥር ይካፈላሉ። እያንዳንዱ ሰው ነፃ ሆኖ ሊያከብረው የሚፈልገውን አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ ቅድሚያ የሚሰጠውም ለዚያ ነው። የተረፈው በዕጣ ይወጣል። ዒድ በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን ለዚያ በዓል ሁለት ተከታታይ ቀናት ተይዘው ለሁለቱም ተጠባባቂ ይመደባል። ፕሮግራሙ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይለጠፋል፤ ከተለጠፈ በኋላ የሚደረግ ቅያሬ ሁሉ በሁለቱ ሰዎች ፊርማ ይመዘገባል። ምክንያቱም የሠራተኛው ጫና የሚደበቀው በቃል በሚደረግ ቅያሬ ውስጥ ነው።

ጸሎት፣ ጾምና ፈተና

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዓርብ የምሳ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 መሆኑ የታወቀ ነው። ዋርድ (የተኙ ታካሚዎች ክፍል) ላይ ግን ራውንዱ ይረዝምና 6፡15 ላይ ሲኒየሩ (አለቃው ሐኪም) ገና ሦስተኛ አልጋ ላይ ቆሞ ይገኛል፤ ወደ ጁምዓ መሄድ ያለበት ተማሪም ከጸሎቱ ከመቅረትና ወጥቶ ምልክት ውስጥ ከመግባት አንዱን ይመርጣል። የዓርብ ራውንድ በግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይጀመር፤ 5፡30 ላይ ያላለቀው አልጋ ለዕለቱ ተረኛ ተላልፎ ይቁም፤ ሴሚናርና የጆርናል ውይይት በዓርብ ቀትር አይያዝ። በረመዳን የማፍጠሪያው ሰዓት የታወቀ ስለሆነ ለ20 ደቂቃ ዋርዱን ወይም ድንገተኛ ክፍሉን የሚረከበው ሰው ስም በፕሮግራሙ ላይ ይጻፍ። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምሱ አሉ፤ በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም በቀጠሮ የሚደረጉ ረጃጅም ቀዶ ሕክምናዎች ወደ ጠዋት ቢሳቡ ለጾመኛው ብቻ ሳይሆን ለታካሚውም ይበጃል።

የፈተና ቀን ከመቆረጡ በፊት የበዓላት መቁጠሪያ ይታይ። ኃላፊው የራሱን በዓል ሳያውቀው እየዘለለ የሌላውን የመርሳት ልማድ አለው፤ ለምሳሌ የቅዳሜን ሰንበት የሚያከብር አድቬንቲስት ተማሪ በቅዳሜ ለኦስኪ (ለተግባር ፈተና) ሲጠራ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ከአምባሰል በኩል መጓጓዣ ይጨናነቃል፤ ይህ ለተሳላሚው ብቻ ሳይሆን ለታካሚ ቀጠሮ ለመስጠትም የሚጠቅም መረጃ ነው።

ስለ ምግብ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ወሎ ይህን ከእኛ በፊት ፈትቶታል። ሰርግ የሚደግስ ክርስቲያን ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ አሳርዶ፣ ለብቻ ድስት አስጥዶ ያስተናግዳል። የትምህርት ክፍሉም ለአዲስ ሬዚደንቶች አቀባበል ወይም ለምረቃ ሲደግስ ወይ እንደዚያ ያድርግ፣ ወይም ሁሉም የሚበላውን የጾም ምግብ ያቅርብ። «ሙስሊሞቹ ለስላሳ ይጠጣሉ» ተብሎ የሚዘጋጅ ግብዣ ግን ግብዣ አይደለም።

በቀዶ ሕክምና ክፍል ልብስን በተመለከተ ሕጉ ለሃይማኖት ሳይሆን ለንጽሕና ይጻፍ፤ ለሁሉም እኩል ይሥራ። አንዳንድ ቦታ ሒጃብ ያደረገች ኢንተርን በር ላይ ስትመለስ፣ የአንገት ማተቡ ከጋውኑ በላይ የተንጠለጠለ ሐኪም ይገባል፤ የጣት ቀለበት ያለውንም ማንም አይጠይቅም። ትክክለኛው ደንብ የውጭ ልብስ ሁሉ ይወልቃል፣ ጸጉርና አንገት በንጹሕ ወይም በሚጣል ሽፋን ይሸፈናል፣ ማተብ ከውስጥ ይታሰራል፣ ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል የሚል ነው። አንገትን ጭምር የሚሸፍን የጭንቅላት ሽፋን ከልብስ ስፌቱ ጋር ተነጋግሮ በቁጥር ማሰፋት የሚቻል ስለሆነ፣ ሴቲቱ ከቤቷ ይዛ እንድትመጣ መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

ሴት ሐኪሞችና ተማሪዎች

በሞርኒንግ ሴሽን (በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ) ላይ ማን ቃለ ጉባኤ እንደሚይዝ፣ ቡና ሲመጣ ማን እንደሚነሣ ለአንድ ወር ታዘቡ። ተመሳሳይ ማዕረግ ካላቸው ሰዎች መካከል ሁልጊዜ አንዲት ሴት ከሆነች፣ ቃለ ጉባኤው በስም ቅደም ተከተል በየተራ ይያዝ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ኬዝ (የታካሚ ጉዳይ) አይከራከርም፤ ኬዝ የማይከራከር ሰው ደግሞ «ዝምተኛ ናት» ተብሎ ይመዘናል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ደንግጎ ነበር። ፈቃዱ መኖሩን ሁሉም ያውቃል፤ ችግሩ ከፈቃዱ ማግስት የሚመጣው ነው። በፈቃድ ላይ የነበረች ሬዚደንት ያመለጧት ዲዩቲዎች «ዕዳ» ተብለው ተጠራቅመው በተመለሰችበት ወር ሲጫኑባት፣ ፈቃዱ በአንድ እጅ ተሰጥቶ በሌላው ተነጥቋል። የሥልጠናው ጊዜ የሚራዘም ከሆነ በምን ያህል እንደሚራዘም ገና ከመውጣቷ በፊት በጽሑፍ ይሰጣት፤ በምትመለስበት የመጀመሪያ ሁለት ወር የሌሊት ቁጥሯ ከባልደረቦቿ አይብለጥ፤ ወተት የምታልብበት የሚቆለፍ ክፍልና ማቀዝቀዣ ይኑር። ለዚህ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ከመጋዘኖቹ አንዱን ማጽዳት ይበቃል።

የስብሰባ ሰዓትም ከዚሁ ጋር ይታይ። የትዳር ጓደኛው በኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የሚሠራ፣ ቤቱ ኮምቦልቻ የሆነ መምህር አለ፤ 11 ሰዓት ላይ የተጀመረ የትምህርት ክፍል ስብሰባ ምሽት 1፡30 ላይ ቢያልቅ፣ በጉም ውስጥ በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ ይጠብቀዋል። ልጅ ከመዋያ የሚቀበሉትም በአብዛኛው ከስብሰባው መሐል ተነሥተው የሚሄዱት ናቸው፤ ቁልፍ ውሳኔ የሚተላለፈውም ብዙ ጊዜ እነሱ ከወጡ በኋላ ነው። ውሳኔ የሚጠይቅ አጀንዳ ሁሉ ከ10 ሰዓት በፊት ይጠናቀቅ።

ሌላው በሹክሹክታ የሚኖር ጉዳይ «በአፈርማቲቭ የገባች» የሚለው ቃል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከታሪካዊ ጭቆና የተነሣ የድጋፍ እርምጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ የመግቢያ ነጥብ ልዩነት የሚደረገውም በዚህ መንፈስ ነው። ድጋፉ ግን በር ላይ አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ተፈትኖ ነው የሚያልፈው። አንድ ሲኒየር ይህን ቃል በራውንድ ላይ በቀልድም ቢሆን ሲጠቀም ኃላፊው ለብቻው ጠርቶ ሊነግረው ይገባል።

ታካሚውና ቋንቋው

የሚቀጥለውን ያየሁት ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ከአፋር የመጣች እናት አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ኢንተርኑ ስለ ደም መፍሰስ ይጠይቃታል፤ የሚያስተረጉመው የ11 ዓመት ልጇ ነው። ልጁ ጥያቄውን ሰምቶ አንገቱን ደፋ፤ ወደ እናቱ አንዲት አጭር ቃል ተናገረ፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ደህና ነኝ ትላለች» አለ። ኢንተርኑ «የለም» ብሎ ካርዱ ላይ ጻፈ። በማታው ደም ተሰጣት።

ልጅ፣ ባል፣ የጽዳት ሠራተኛ ወይም የጎረቤት አልጋ አስታማሚ አስተርጓሚ አይሁን። የትምህርት ክፍሉ አፋርኛና አፋን ኦሮሞ፣ እንዲሁም የምልክት ቋንቋ የሚችሉ ሠራተኞችን ከፈቃዳቸው ጋር መዝግቦ፣ የየሳምንቱን ተጠሪ ስም በነርሶች ጠረጴዛ ላይ ይለጥፍ። ማስተርጎም ሥራ ነው፤ ነርሷ ለትርጉም ስትጠራ አልጋዎቿን የሚይዝላት ሰው ይመደብ፣ ያጠፋችው ሰዓትም ይቆጠርላት፤ አለበለዚያ ቋንቋ ማወቅ ቅጣት ይሆናል። ለተማሪዎች የሚሰጠው ሥልጠና ግማሽ ቀን ይበቃል፦ ዓይን ወደ ታካሚዋ እንጂ ወደ አስተርጓሚዋ አይሁን፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይቅረብ፤ መልሱ ሳይታጠፍ ሙሉ በሙሉ ይተርጎም።

ከአማርኛ ተናጋሪው ታካሚ ጋር ያለውም ችግር ትንሽ አይደለም። የከተማው ነጋዴ «እርስዎ» ሲባል፣ ከገጠር የመጡት እናት፣ በሠፈራቸው «አንቱ» የሚባሉት፣ ልጃቸው በሚሆን ኢንተርን «አንቺ፣ ተኚ» ይባላሉ። አዋቂ ታካሚ ሁሉ «እርስዎ» ይባል፤ ይህ በተማሪው መመዘኛ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይሁን።

ሴት ታካሚ በወንድ ተማሪ ለመመርመር ፈቃደኛ ካልሆነች መብቷ ነው፤ ማስገደድም ማስፈራራትም አይገባም። ሆኖም ወንዱ ተማሪ በማኅፀንና ጽንስ ልምምዱ የሚጠበቅበትን የምርመራ ቁጥር ሳይሞላ እንዳይቀር ኃላፊነቱ የተማሪው ሳይሆን የትምህርት ክፍሉ ነው። ሴት ባልደረባ አብራ ቆማ ፈቃድ አስቀድሞ በትሕትና ሲጠየቅ ብዙዎቹ እንደሚፈቅዱ ልምዱ ያሳያል፤ እምቢ የሚሉት ብዙ ጊዜ ሳይጠየቁ የተጋለጡት ናቸው።

ምዘና፣ ቅጥርና «የት አገር ልጅ ነህ?»

ከሌላ ክልል የመጣ፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የለመደ ተማሪ በሎንግ ኬዝ ፈተና (አንድ ታካሚ ጠይቆና መርምሮ በሚያቀርብበት) ላይ ታካሚው «ምች መትቶኝ፣ ውጋት ያዘኝ፣ ቀጥሎም አልማዝ ባለጭራ ወጣብኝ» ሲለው ግራ ይጋባል፤ ፈታኙም «ኮሙኒኬሽን ደካማ» ብሎ ይቀንስበታል። የተለካው ሕክምና ሳይሆን የወሎ ገበሬ ቋንቋ ነው። ምች፣ ቁርጥማት፣ ውጋት፣ የወፍ በሽታ የመሳሰሉ ታካሚዎች የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ከፍቺያቸው ጋር በሁለት ገጽ አዘጋጅቶ ለአዲስ ገቢ መስጠት ይህን ያቃልለዋል፤ ለአዲስ አበባ ልጆችም ይጠቅማል፣ እነሱም ብዙ አያውቁም። የቃል ፈተና ሁልጊዜ በሁለት ፈታኝ ይሁን፤ ሁለቱ ከመነጋገራቸው በፊት ነጥባቸውን ለየብቻ ይጻፉ። የጽሑፍ ፈተና ወረቀት በስም ሳይሆን በኮድ ይታረም፤ በአገራችን ስም ብቻውን እምነትንም ትውልድንም ይናገራልና።

«የት አገር ልጅ ነህ?» ቀድሞ የመተዋወቂያ ጥያቄ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ከነካ ወዲህ ግን ለብዙ ሰው ሌላ ትርጉም አለው። በቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ፣ በምደባ ጊዜና በራውንድ መሐል ጨርሶ አይጠየቅ። የትምህርት ክፍሉም የሠራተኛን ብሔር አይመዝግብ፤ የፋይዳ መታወቂያ እንኳ ብሔር አይጠይቅም። የሚቆጠረው በየማዕረጉ ያለው የሴትና የወንድ ቁጥር፣ የዲዩቲ ክፍፍል፣ የሥልጠና ዕድል፣ የጥናት ተሳትፎና ሰውየው ፈቅዶ የሚናገረው የአካል ጉዳት ብቻ ይሁን። ለውጭ አገር ሥልጠና ወይም ለኮንፈረንስ ዕድል ሲመጣ መመዘኛው ዕድሉ ከመምጣቱ በፊት ተጽፎ ይለጠፍ፤ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ መመዘኛ አንድን ሰው እያሰበ የሚጻፍ ነው።

አካል ጉዳተኞች

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የሥራ ስምሪት መብታቸውን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568 በ2000 ዓ.ም.፣ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ወጥተዋል። ደሴ ተዳፋት ከተማ ናት፤ ሐኪሞች ሁሉ ደረጃ ስለሚወጡ ደረጃው አይታያቸውም። በዊልቸር ተቀምጣችሁ ወይም ክራንች ይዛችሁ ከካርድ ክፍል እስከ ሴሚናር አዳራሽ አንድ ጊዜ ሂዱ፤ የቆማችሁበትን ቦታ ሁሉ ጻፉ። ራምፕ እስኪሠራ ድረስ ትምህርቱን ወደ ምድር ቤት ማውረድ ይቻላል። ለሥጋ ደዌ ሕክምና ስሙ ለረጅም ዘመን የታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቅርብ እያለ፣ ታካሚዎችን በበሽታቸው ስም የሚጠራ ሲኒየር ዛሬም መኖሩ ያሳፍራል።

ቅሬታና ርክክብ

ሬዚደንት የሚመዝነውን፣ የሚያስመርቀውን ሰው ለራሱ ለዚያ ሰው አይከሰውም። ስለዚህ ቅሬታ ተቀባዩ ከትምህርት ክፍሉ ውጭ ይሁን፤ ጾታዊ ትንኮሳ ከሆነ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ክፍል እንደሚሄድ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ፣ ቅሬታ አቅራቢው በማን እንደማይመዘን በአንድ ገጽ ተጽፎ ለተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይሰጥ። ሽምግልና በደሴ የተከበረ ነው፤ በዲዩቲ ቅያሬ ለተጣሉ ሁለት ባልደረቦች ይሠራል። በትንኮሳ ላይ ግን ሽማግሌ መላክ ተበዳይዋን ዝም ማሰኛ ስለሚሆን አይፈቀድ።

የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይለዋወጣል፤ በአንዱ ዘመን የተጀመረ ነገር ፋይሉ ከጠፋ በሚቀጥለው ይረሳል። የበዓል ክፍፍል ሰንጠረዡ፣ የአስተርጓሚዎች ዝርዝር፣ የቃላት መፍቻው ሁለት ገጽና የቅሬታ ሥርዓቱ በትምህርት ክፍሉ ምክር ቤት ጸድቀው ቃለ ጉባኤ ይያዝላቸው፤ በርክክብ ቅጹ ላይ ከማኅተሙና ከቁልፉ ቀጥሎ በስማቸው ይዘርዘሩ። ለመጀመሪያው ቆጠራ መስከረም ይመቻል፤ አዲሱ ፕሮግራም የሚወጣው ያን ጊዜ ነውና።